ለጭቃ ግድግዳዬ ሶኬት ያስገቡልኝ ልጆች፦ ከክረምቱ በኋላ የጻፍኩት አስተያየት

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ልጅ ቤቴ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው ግድግዳውን ማንኳኳት ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን በረንዳ ላይ አስቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከዚያ የመሃል ጣቱን አጥፎ ከሳሎኑ ጥግ ጀምሮ ኳ ኳ እያደረገ ሄደ። አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ጆሮውን ያስጠጋና በእርሳስ ትንሽ ኤክስ ያደርጋል። ምን እየፈለገ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እትዬ፣ እዚህ ጋ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል። ድምፁ ባዶ ነው፣ ይስሙት። እዚህ ብመታው እስከ ኮርኒሱ ድረስ ይወርድብዎታል» አለኝ። እኔም አንኳኳሁ። እውነቱን ነው፣ ሌላው ቦታ ድፍን ሲል ያ ቦታ እንደ ባዶ ሣጥን ይጮኻል። በዚህ ቤት ውስጥ ነው ያደግሁት፣ ግን ይህን አላውቅም ነበር።

የምጽፈው ጅማ ውስጥ እንደኔ ያረጀ የጭቃ ቤት ላላቸውና ተጨማሪ ሶኬት ማስገባት ፈርተው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ሥራው የተሠራው የካቲት ላይ ነበር። ወዲያው ያልጻፍኩት ክረምቱን እስኪያልፍ ልይ ብዬ ነው። የጅማን ክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ግድግዳ የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው።

ቤታችን ቆጪ ነው። አባቴ በ1968 ዓ.ም. ነው የሠራው። የፊቱ ሁለት ክፍል በባህር ዛፍ ቋሚና ማገር የቆመ ጭቃ ሲሆን በላዩ ላይ የሲሚንቶ ልስን አለው። ኩሽናውና የኋላ መኝታው በኋላ የተጨመሩ የብሎኬት ክፍሎች ናቸው። በፊቱ ሁለት ክፍል የነበረው በየክፍሉ አንድ አንድ ሶኬት ብቻ ነው። ያኔ ለአንዲት ሬዲዮ በቂ ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የልጄ ላፕቶፕ፣ ካውያው፣ የስልክ ቻርጀሩ ሁሉ በአንድ ዲቫይደር ላይ ይንጠለጠላል፤ ዲቫይደሩ ላይ ሌላ ዲቫይደር ይሰካል። ጥር ላይ አንድ እሑድ ቡና እየቆላሁ ሳለ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። የቡናው ገለባ መስሎኝ ብረት ምጣዱን ማወዛወዜን ቀጠልኩ። ልጄ ናት «እማዬ፣ ይሄ የቡና ሽታ አይደለም» ብላ ሶፋውን የሳበችው። ዲቫይደሩ ቀልጦ ከፍሪጁ ስፒና ጋር ተጣብቋል። ግድግዳው ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ ጥላሸት ተለጥፏል። ሶፋው ከዚያ ቦታ አንድ ስንዝር አይርቅም ነበር።

በማግሥቱ ሰው ጠራሁ። ስሙን አልጠራም። መጣ፣ ከድሮው ሶኬት ላይ ገመድ ቀጠለ፣ ገመዱን በክሊፕ ግድግዳው ላይ እየመታ ወሰደ፣ ከላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ ሳጥን በሁለት ምስማር መታ፣ በአንድ ሰዓት ጨርሶ ሄደ። ሦስት ሳምንት አልሞላውም። የካውያውን ስፒና ስነቅል ሳጥኑ ከነሶኬቱ፣ ከነምስማሩ፣ ከአንድ ጭብጥ ጭቃ ጋር እጄ ላይ ቀረ። ሽቦዎቹ ተራቁተው ተንጠለጠሉ። ቆጣሪው ጋ ሮጬ ብሬከሩን እስካወርድ ድረስ እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ኋላ ሲታይ ለሶኬት የተዘረጋው ለአምፖል የሚሆነው 1.5 (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር) ነው። መቀጠያውም ያለ ሞርሴቶ (በቡሎን የሚጠብቅ የሽቦ ማገናኛ) ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ነበር።

እነዚህን ልጆች ያገኘኋቸው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ካለች ጠባብ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ ነው። ሶኬት ልገዛ ገባሁ። ባለሱቋ ዋጋ ከመንገሯ በፊት «ግድግዳው ጭቃ ነው ብሎኬት?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁለቱም ነው ስላት «እንግዲያው ዕቃውን አሁን አይግዙ፤ ልጆቹ አይተው ዝርዝር ይስጡዎት» አለችኝ። መሸጥ እየቻለች መለሰችኝ። እኔን ያሳመነኝ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጭቃው ልመለስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ልጁም ሙያውን ያሳየው እዚሁ ነው።

መጀመሪያ ቋሚዎቹን ፈለገ። ሶኬቱን የሚይዘው ሳጥን በሚገባበት ቦታ፣ ማለትም በኋላ ራሱ በሚቆረጠው ክልል ውስጥ፣ ልስኑን በቀጭን መሰርሰሪያ እየበሳ ቀጭን ምስማር ገፋ ገፋ አደረገ። ምስማሩ ዘው ካለ ጭቃ ነው፣ እምቢ ካለ እንጨት ነው። እንዲህ እያደረገ የቋሚውን ጠርዝ አገኘና ቀዳዳውን ልክ ከቋሚው ጎን እንዲሆን መደበው። «ጭቃ ፊሸር (ለቡሎን የሚቀበር ፕላስቲክ) አይዝም። የሚይዘው እንጨቱ ነው» አለኝ። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ብዬ ያሳየሁት ቦታ ላይ በቅርብ ቋሚ አልነበረም። አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራ ፈቀቅ እናድርገው ብሎ ምክንያቱን ነገረኝና ተስማማሁ።

ከዚያ አቆራረጡ። በመዶሻ አልጀመረም። የሲሚንቶው ልስን ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱን ብቻ ዙሪያውን በግራይንደር ቆረጠው። መዶሻ ቢያርፍበት ኖሮ ንዝረቱ የተላቀቀውን ልስን ሁሉ ያወርደው ነበር። የልስኑን ቁራጭ ካነሳ በኋላ ጭቃውን በስፖንጅ ውሃ አራሰውና በአሮጌ ቢላዋና በትንሽ መሮ ፈቅፍቆ አወጣው። የወጣውን ጭቃ አልጣለውም፤ ካርቶን ውስጥ አጠራቀመው። ቀረብ ብዬ አየሁት። ጭዱ አሁንም ወርቃማ ነው፣ ትናንት የተቦካ ይመስላል። አባቴና ጎረቤቶቹ በእግራቸው የረገጡት ጭቃ ነው። እጄ ላይ ይዤው ትንሽ ቆየሁ።

ሳጥኑን በጎኑ ከቋሚው ጋር በሁለት ቡሎን አሰረው። በሌላ በኩል ደግሞ ትንሽ የጣውላ ቁራጭ ከማገሩ ጋር አያይዞ ደገፈው። ከዚያ ረጅም ማስመሪያ ልስኑ ላይ አጋድሞ የሳጥኑ አፍ ከግድግዳው ገጽ ጋር እኩል መሆኑን አየ። የመጀመሪያው ሳጥን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። እኔ አልታየኝም፣ «ይሁን» ብዬውም ነበር። እሱ ግን ፈትቶ እንደገና አስገባው። ሳጥኑ ከወጣ የሶኬቱ ሽፋን ግድግዳውን አይነካም፤ ዙሪያውን ክፍተት ይቀራል፣ ስፒና በተሰካና በተነቀለ ቁጥር ይወዛወዛል። በጣም ከገባ ደግሞ ቡሎኑ አይደርስም። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያው ሰውዬ ሶኬት ለምን እንደተነቀለ የገባኝ ይህን ሳይ ነው።

ካርቶን ውስጥ ያስቀመጡትን ጭቃ ረዳቱ አዲስ ጭድ ጨምሮ አቦካው። የቀዳዳውን ጠርዝ እንደገና አራሱት፤ ደረቅ ጭቃ የአዲሱን ውሃ ስለሚጠጣበት ሳይያያዝ ይቀራል። ዙሪያውን ጠቅጥቀው ሞሉና ትተውት ሄዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው ጠርዙ ላይ የወንፊት ሽቦ ቁራጭ መትተው በሲሚንቶ ለሰኑት። እኔ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ፈልጌ ነበር፣ ልጁ ግን አልተቀበለኝም። እርጥብ ጭቃ ላይ ሲሚንቶ ከለሰኑበት ጭቃው ሲደርቅ ይሸሻል፣ ልስኑም ይሰነጠቃል። ሰባት ወር አልፎታል፤ አምስቱንም ሳጥኖች በየጊዜው አያለሁ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ያለችው አንዱ ላይ ብቻ ነው።

ሽቦው በሙሉ በቱቦ ውስጥ ነው የሄደው። ከኮርኒሱ በላይ ተዘርግቶ ወደ እያንዳንዱ ሶኬት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቁመቱን በቱንቢ ነው የለኩት። ለምን በአቋራጭ ሰያፍ አትወስደውም፣ ሽቦም ይቆጥባል ስለው፣ «እትዬ፣ ነገ ሥዕል ሊሰቅሉ ምስማር ሲመቱ ሽቦው የት እንዳለ በምን ያውቃሉ?» ብሎ መለሰልኝ። ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዳለ ካወቅሁ ሌላው ግድግዳ ነፃ ነው ማለት ነው። ሽቦው 2.5 ነው፣ ብሬከሩ 16 አምፔር፣ የተቀጠለው ሁሉ በሞርሴቶ ነው። ሽቦው በቱቦ ስለሆነ ወደፊት ቢበላሽ ግድግዳ ሳይፈርስ ተስቦ ይቀየራል።

የመንገድ ዳሩ ግድግዳ ላይ የሆነውንም ልንገራችሁ። በዚያ በኩል ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ በየክረምቱ ይላጣል። ልጁ በእጁ ጀርባ ዳሰሰውና ሶኬቱን ከእርጥበቱ መስመር በላይ፣ ከወለል 70 ሳንቲ ሜትር ላይ አደረገው። ከሌሎቹ ከፍ ስላለ መጀመሪያ ዓይኔን አልሞላውም ነበር። ሐምሌ ላይ ግን እርጥበቱ እንደ ልማዱ ወጥቶ ከሶኬቱ ሥር አንድ ስንዝር ያህል ሲቀረው ቆመ። በዚያው ግድግዳ ላይ ሲቆፍሩ አንድ ማገር በምስጥ ተበልቶ በጣት ሲነኩት ተፈረፈረ። ሸፍኖ ማለፍ ይችል ነበር። ጠርቶ አሳየኝ፣ ሥራውን አቁሞ አናጢ እንድጠራ ነገረኝ። አናጢው አንድ ቀን ወሰደ። ወጪው አመመኝ፣ ግን ያ ማገር እንደዚያ ተሸፍኖ ቢቀር ኖሮ ግድግዳው ራሱ ይሄድብኝ ነበር።

የብሎኬቱ ክፍል ሥራ ቶሎ አለቀ። እዚያ ችግሩ ሌላ ነው፤ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጀሶውም ሲሚንቶውም ወደ ባዶው ይወድቃል። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅልለው ባዶውን ከደፈኑ በኋላ ነው ሳጥኑን በሲሚንቶ ያሰሩት። ኩሽና ውስጥ ሶኬቶቹን ከመታጠቢያው አርቀው፣ ከጠረጴዛው በላይ አደረጓቸው። እዚህ ሦስት ሶኬት ገባ።

ስለ ኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዱ ግን ተከራክረናል። እኔ የፈለግሁት ለምጣዱም አንድ ሶኬት እንዲያስገባልኝ ነበር። ልጁ ምጣዱን ገልብጦ ጀርባውን አነበበ፤ 3500 ዋት ይላል። ለ220 ቮልት አካፍሎ በእርሳስ ግድግዳው ላይ ጻፈልኝ፦ ወደ 16 አምፔር። የሶኬቱ አቅም መጨረሻው 16 ነው። እንጀራ ስጋግር ምጣዱ ከሰዓት በላይ ይሠራል፣ በዚያ ላይ ማንቆርቆሪያው በዚያው መስመር ላይ ይሰካል። «በተራ ሶኬት አላስገባልዎትም» አለኝ። ተቆጣሁ፣ የማዝዘው እኔ ነኝ ብዬም ተናገርኩት። እሱ ድምፁን ሳይጨምር ያንን የቀለጠ ዲቫይደር እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ደብቄ አስቀምጬው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ዝም አለ። ለምጣዱ ከብሬከሩ ሳጥን ለብቻው የሚመጣ 4 ሽቦ፣ የራሱ 20 አምፔር ብሬከርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ተሠራለት። አሁን ስጋግር ሽቦውን በእጄ እነካዋለሁ፣ አይሞቅም። በፊት ይፋጅ ነበር።

ሌላው ቤታችን ኧርዝ የሚባል፣ ያፈሰሰ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ አልነበረውም። የድሮው ገመድ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው። ስለዚህ በሶኬቱ ላይና ታች የሚታዩት ሁለት የብረት ምላሶች ከምንም ጋር አልተገናኙም ነበር። ፍሪጁን በባዶ እግሬ ስነካው ይነዝረኝ እንደነበር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ጓሮ ውስጥ፣ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ምድሩ ሁልጊዜ እርጥብ በሆነበት ቦታ፣ መዳብ የለበሰ ረጅም ዘንግ ቀበሩና ከእያንዳንዱ ሶኬት ጋር አገናኙት። ሰው ሲይዝ የሚቆርጠውን 30 ሚሊ አምፔር ብሬከርም አስገቡ። ላዩ ላይ ያለችውን የመሞከሪያ ቁልፍ በየወሩ እንድጫን አስተማሩኝ። ጡረታዬ በገባ ቀን እጫናታለሁ፣ ጧ ብላ ትወርዳለች። ፍሪጁ ከዚያ ወዲህ ነዝሮኝ አያውቅም። ከሥራው ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይህ ነው።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ለረቡዕ ቀጥረውኝ የመጡት ዓርብ ነው። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ መንገድ ተዘጋብን አሉ፤ ስለ ረቡዕ ግን ምንም አልነገሩኝም። ስልክ መደወል ይችሉ ነበር። ዕቃ መሸፈኛ ላስቲክም ይዘው አልመጡም። ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን በራሴ አንሶላዎች ነው የሸፈንነው። ግራይንደሩ ሲነሳ ቤቱ ውስጥ ዓይን አይገልጥም፤ አቧራውን ከመጋረጃው ለማስወጣት ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ። የተለሰነው ቦታ ላይ ያለው ቀለም ከአሮጌው ጋር አልተመሳሰለም ነበር። ይህ የእነሱ ጥፋት ነው አልልም፣ ግን አስቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ሙሉ ግድግዳ የሚቀባ ገንዘብ እይዝ ነበር። አንድ ሶኬት ደግሞ ትንሽ ያዘነበለ ነው። ነገርኳቸው፣ መጥተው እናስተካክላለን ብለዋል፤ እስካሁን አልመጡም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ጭቃው ላይ ለአንድ ፖይንት (ለአንድ ሶኬት) 600 ብር፣ ለአምስቱ 3000። ብሎኬቱ ላይ 450፣ ለሦስቱ 1350። የምጣዱ መስመርና ኧርዙ በአንድ ላይ 1500። የእጅ ዋጋው በጠቅላላ 5850 ብር ሆነ። ዕቃውን ልጁ በጻፈልኝ ዝርዝር መሠረት ራሴ ገዛሁ፤ የተረፈውን ሽቦና አንድ ሳጥን መልሰው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጭቃው ለምን ይወደዳል ብዬ አልተከራከርኩም። ሁለቱን አጎንብሰው በቢላዋ ሲፈቀፍቁ ሳያቸው ውዬ ነበር።

ብታሠሩ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ግድግዳው ከመደፈኑ በፊት ቱቦዎቹን ፎቶ አንሱ። እኛ ልጄ ሜትሩን ከጥግ ጀምራ ዘርግታ ይዛ፣ እኔ በስልኬ እያነሳሁ፣ ክፍል በክፍል አስቀርተናል። መስከረም ላይ ቤቱን ስንቀባ የአባቴን ፎቶግራፍ ወደ ቦታው ልመልስ ምስማር ይዤ ቆምኩና ስልኬን ከፈትኩ። የድሮው ምስማር የነበረበት ቦታ ልክ ከቴሌቪዥኑ ሶኬት በላይ ነው፣ ቱቦው በዚያ በኩል ይወርዳል። አንድ ስንዝር ወደ መስኮቱ ፈቀቅ አድርጌ ሰቀልኩት።